ጥቂት የለቀቀ፣ ብዙ የሚከፍል፦ የዓለም ሙቀት መጨመርና የኢትዮጵያ ደጋማ ምድር

ባሕር ዳር፦ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም

ባለፈው ኅዳር ወር በብራዚሏ የቤሌም ከተማ የተካሄደው 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ (ኮፕ 30)፣ ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን ጉባኤ እንድታስተናግድ ወስኗል። ለጉባኤው ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረም። በዚያን ጊዜ የዓለም መሪዎች፣ ተደራዳሪዎችና ሳይንቲስቶች አዲስ አበባ ላይ ይሰበሰባሉ።

መስተንግዶው ክብር ነው፤ ጥያቄም ይዞ ይመጣል። ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት መጨመር ያደረገችው አስተዋጽኦ እጅግ ጥቂት ሲሆን የሚደርስባት ጉዳት ግን ከብዙዎች ይከፋል። ይህን እውነት ይዞ መከራከር ተገቢ ነው። ይሁንና ክርክሩ ውጤት የሚያመጣው የሙቀቱ ምንጭ፣ የጉዳቱ ስፋትና የአገሪቱ የራሷ የቤት ሥራ ተለይተው ሲታወቁ ነው።

ምድርን የለበሰ ጋቢ

የነገሩ መነሻ የፊዚክስ ሕግ ነው። የፀሐይ ብርሃን በከባቢ አየር ውስጥ አልፎ ምድርን ያሞቃል። ምድርም የተቀበለችውን ሙቀት በዓይን በማይታይ ጨረር መልክ ወደ ሕዋ ትመልሳለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴን፣ ናይትረስ ኦክሳይድና የውኃ ተን ከምድር የሚወጣውን ይህን ሙቀት በከፊል ይዘው ያስቀሩታል። ጋቢ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ የለባሹ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ያግዳል እንጂ። ሙቀት አማቂ የሚባሉት ጋዞች ሥራም ይኸው ነው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ፣ የሰው ልጅም ሆነ አዝርዕቱ መኖር ባልቻሉ ነበር። ችግሩ የመጣው ጋቢው እየወፈረ በመሄዱ ነው።

ይህ ዕውቀት የትናንት አይደለም። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት እ.አ.አ በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ብርጭቆ በፀሐይ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚሞቅ በሙከራ አሳይተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል ጋዞቹ ሙቀትን እንዴት እንደሚይዙ ለክተዋል። ስዊድናዊው ስቫንት አርሄኒየስ ደግሞ እ.አ.አ በ1896 የድንጋይ ከሰል ቃጠሎ የምድርን ሙቀት ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል በስሌት አስቀምጠዋል። ያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ዓመቱም የዐድዋ ድል የተገኘበት ነው።

ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 280 ያህሉን ይይዝ ነበር። ቻርለስ ኪሊንግ እ.አ.አ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ያልተቋረጠ ልኬት ሲጀምሩ ቁጥሩ ወደ 315 ደርሶ ነበር። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው እ.አ.አ በ2024 የዓለም አማካይ መጠን 423 ነጥብ 9 ሆኗል። ከ2023 ወደ 2024 ብቻ የታየው የ3 ነጥብ 5 ጭማሪ ዘመናዊው ልኬት ከተጀመረ ወዲህ ከፍተኛው ነው።

ጭማሪው የሰው ልጅ ሥራ መሆኑን የሚያሳዩት ማስረጃዎች ብዙ ናቸው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ካርቦን ከዕፅዋትና ከእንስሳት ከሚወጣው የሚለይበት የኬሚስትሪ አሻራ አለው፤ አሻራውም በአየር ውስጥ ተገኝቷል። የሙቀቱ ምንጭ ፀሐይ ቢሆን ኖሮ የላይኛው የከባቢ አየር ንጣፍም አብሮ መሞቅ ነበረበት። ልኬቶች የሚያሳዩት ግን የታችኛው ንጣፍ ሲሞቅ የላይኛው እየቀዘቀዘ መምጣቱን ነው። ሙቀቱ ከታች መታገዱን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ምልክት አይገኝም።

የሦስቱ ጋዞች ጠባይ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተለቀቀ በኋላ ከፊሉ ለመቶዎች፣ የተወሰነው ክፍልም ለሺህዎች ዓመታት በከባቢ አየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ የሚሰማው ሙቀት የዛሬ ጭስ ብቻ ሳይሆን የአያት ቅድመ አያቶች ዘመን ጭስ ድምር ነው። ሚቴን በአማካይ 12 ዓመት ያህል ቆይቶ ይጠፋል፤ በቆየበት ጊዜ ግን ሙቀትን የመያዝ አቅሙ እጅግ ብርቱ ነው። በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ 80 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ በአብዛኛው ከማዳበሪያና ከፍግ ይወጣል፤ በ100 ዓመት ስሌትም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የበረታ ነው። ይህ ልዩነት የከብት ሀብት ለበዛባትና ገበሬዋ ማዳበሪያ ለሚጠቀምባት አገር ትርጉሙ ትልቅ ነው።

ማን ምን ያህል ለቀቀ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.አ.አ በ2024 ዓለም የለቀቀችው ሙቀት አማቂ ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ 57 ነጥብ 7 ቢሊዮን ቶን ደርሷል። ይህም ከቀዳሚው ዓመት የ2 ነጥብ 3 በመቶ ጭማሪ አለው። ከዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የሃያዎቹ ባለግዙፍ ኢኮኖሚ አገራት ስብስብ (ቡድን 20) አባላት ድርሻ ነው። የአፍሪካ አህጉር በአንጻሩ ከዓለም ሕዝብ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ይዛ ከልቀቱ ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ልዩነቱ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ይበልጥ ይጎላል። ከነዳጅ፣ ከከሰልና ከመሳሰሉት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 14 ቶን ይደርሳል። በኢትዮጵያ ግን ከአንድ ቶን ሩብ እንኳ ያንሳል። ወደ ኋላ ተሂዶ ከኢንዱስትሪ አብዮት ጀምሮ የተጠራቀመው ሲታይ፣ ከጠቅላላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ የሚጠጋው የአሜሪካ ነው። ቻይና ዛሬ በዓመታዊ ልቀት ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች፤ በተጠራቀመው ድምርም ድርሻዋ እየከበደ መጥቷል።

የዓለም መንግሥታት እ.አ.አ በ2015 በፓሪስ ስምምነት የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በእጅጉ ባነሰ ደረጃ እንዲገታ፣ ከተቻለም ከ1 ነጥብ 5 ዲግሪ እንዳያልፍ ቃል ገብተዋል። የ2024 አማካይ ሙቀት ግን በ1 ነጥብ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ በታሪክ የተመዘገበው እጅግ ሞቃታማ ዓመት ሆኗል። የአንድ ዓመት ልኬት ስምምነቱ ፈርሷል አያሰኝም፤ ወሰኑ የሚለካው በረጅም ዓመታት አማካይ ነውና። አዝማሚያው ግን የታወቀ ነው። አገራት አሁን በሥራ ላይ ባዋሉት ፖሊሲ ከቀጠሉ ሙቀቱ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ 2 ነጥብ 8 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። የገቡትን ቃል ሁሉ ቢፈጽሙ እንኳ ከ2 ነጥብ 3 እስከ 2 ነጥብ 5 ዲግሪ ይሆናል። አሜሪካ ከፓሪስ ስምምነት ለመውጣት እ.አ.አ በጥር 2025 መወሰኗ ደግሞ ሚዛኑን ይበልጥ አዛብቶታል።

ደጋው ወደ ላይ ሲሸሽ

እነዚህ ቁጥሮች ለአንድ የደብረ ታቦር ወይም የመንዝ ገበሬ ምን ትርጉም አላቸው? መልሱ ከጥንት ጀምሮ በሚታወቀው የአገሪቱ የአየር ጠባይ አከፋፈል ውስጥ ይገኛል።

ኢትዮጵያውያን ምድራቸውን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለው ኖረዋል። ክፍፍሉ መሠረቱ ከፍታ ነው። በተለመደው አመዳደብ ወይና ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 500 እስከ 2 ሺህ 300 ሜትር፣ ደጋ ደግሞ እስከ 3 ሺህ 200 ሜትር ያለውን ይሸፍናል። ጤፉ፣ ገብሱ፣ ባቄላው፣ የከብቱ ዝርያ፣ የሰው አሰፋፈርና በሽታው ሳይቀር በዚህ መሰላል ላይ ቦታ ቦታ አላቸው። አገሪቱ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ ብርድ ያላት፣ ከፍተኛ የሕዝብ ብዛት በተራራ ላይ የሰፈረባት በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍታው የኢትዮጵያ ጋሻ ነበር።

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ0 ነጥብ 65 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ስሌት ወደ ኋላም ይሠራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የልማት ፕሮግራም ባሳተመው የአገራት የአየር ንብረት መግለጫ መሠረት፣ የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት እ.አ.አ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1 ነጥብ 3 ዲግሪ ጨምሯል። ይህ በከፍታ ሲመነዘር 200 ሜትር ያህል ነው። በሌላ አነጋገር፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በአንድ ቦታ የነበረው ቅዝቃዜ ዛሬ የሚገኘው 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ከተወጣ በኋላ ነው። የወይና ደጋ ቀበቶ ቁመት 800 ሜትር መሆኑ ሲታሰብ፣ ከሩብ ያላነሰው ቦታውን ለቅቋል ማለት ነው።

ለውጡ በመጀመሪያ በረከት ሊመስል ይችላል። ውርጭ ይመታው በነበረው ማሳ ላይ በቆሎ ሲያፈራ፣ ጤፍ ቀድሞ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ሲያሸት ገበሬው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ተራራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠባል። ወደ ላይ የሚወጣው ሰብል የሚያገኘው መሬት ከተወው ያነሰ፣ ቁልቁለቱ የከፋ፣ አፈሩም በቀላሉ የሚታጠብ ነው። ማሳው ሽቅብ ሲገፋ የሚነካው የግጦሽ መሬት፣ ጓሳና የአስታ ደን ነው። ከጫፍ ላይ ላሉት ደግሞ መሸሻ የለም። በሰሜን ተራሮች የሚኖሩት ዋልያና ቀይ ቀበሮ ከራስ ዳሽን በላይ የሚወጡበት ሌላ ተራራ አይጠብቃቸውም።

ቡናም ከዚህ አያመልጥም። እ.አ.አ በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት ምንም ዓይነት እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆኑት በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ለቡና የማይመቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። ይኸው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታ ቦታዎች ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ለቡና የሚመቸው ምድር በአራት እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችልም ጠቁሟል። ሆኖም ዛሬ የቡና ተክል ባለቤት የሆነው ገበሬና ነገ ቡና የሚበቅልበት ተራራ ባለቤት አንድ ሰው አይደሉም። በካርታ ላይ እንደ ትርፍ የሚታየው ለአንዱ ቤተሰብ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

በሽታም መሰላሉን ይወጣል። የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመራባት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ይፈልጋሉ። ደጋው ለዘመናት ከወባ የተጠበቀው በዚህ ነው። በደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የረጅም ዓመታት መረጃን መሠረት አድርጎ እ.አ.አ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሞቃታማ በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.አ.አ ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘዋል። ለዚህ ሁሉ ሙቀቱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። የጸጥታ ችግር የጤና አገልግሎትን አስተጓጉሏል፤ ትንኟ ለፀረ ተባይ መድኃኒት እየተለማመደች ነው፤ በከተሞች መራባት የምትችል አዲስ ዝርያም ገብታለች። ሙቀቱ የሚያደርገው እነዚህ ክፍተቶች በተገኙበት ሁሉ የበሽታውን ድንበር ከፍ ማድረግ ነው።

ዝናቡ ሲቀርም ሲመጣም

ስለ ሙቀት ሳይንቲስቶች በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ስለ ዝናብ ግን እንዲያ አይደለም። የኢትዮጵያ ክረምት ወደፊት ይብዛ ወይም ይነስ የሚለውን የተለያዩ ሞዴሎች በተለያየ መንገድ ይተነብያሉ። ስምምነት ያለው በሌላ ነጥብ ላይ ነው፦ ሞቃት አየር የበለጠ ውኃ ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ጭማሪ የሚይዘው የውኃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ያድጋል። በመሆኑም ዝናብ ሲጠፋ አፈሩ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

እ.አ.አ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። በቦረናና በሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከብቶቻቸውን አጥተዋል። ጉዳዩን የመረመረ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን እ.አ.አ በሚያዝያ 2023 ባወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ መቶ ጊዜ እንዳሳደገው ገልጿል። ጥናቱ ትኩረት የሰጠው ለዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን በሙቀቱ ምክንያት ከአፈርና ከዕፅዋት ለተነነው ውኃ ጭምር ነው። ያው የዝናብ እጥረት በቀዝቃዛ ምድር ላይ ቢደርስ ኖሮ ጉዳቱ ያን ያህል ባልከፋ ነበር።

በሰሜኑም ያለው ሁኔታ ከዚህ አይርቅም። በ2008 ዓ.ም ከኤልኒኖ ጋር ተያይዞ የደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአስቸኳይ የምግብ ድጋፍ ዳርጓል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በዋግ ኽምራና በሰሜን ጎንደር ዞኖች ድርቅ ተከስቶ ነበር። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ያሉ የበልግ አብቃይ አካባቢዎች የዝናቡ መምጫ ጊዜ እየተዛባባቸው ነው። ገበሬው የዘር ጊዜውን የሚወስነው ከአባቱ በወረሰው የወቅት ዕውቀት ነው። ወቅቱ ራሱ ሲቀያየር ያ ዕውቀት ዋጋው ይቀንሳል፤ ዘር ሁለትና ሦስት ጊዜ ተዘርቶ ይባክናል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ለአንድ አደጋ መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የቁልቁለቱ ሁኔታ፣ የደን መመናመንና አሰፋፈር ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከባድ ዝናብ በተደጋገመ ቁጥር ግን የተራቆተ ተራራ ሥር ያለ መንደር ሁሉ ሥጋት አለበት።

የቤት ውስጥ ሒሳብ

ኢትዮጵያ ጥቂት ትለቃለች ማለት ምንም አትለቅም ማለት አይደለም። በ2003 ዓ.ም ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ እ.አ.አ በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንደነበረ፣ በተለመደው አካሄድ ከተቀጠለ ደግሞ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ አስልቷል። ትኩረት የሚስበው የልቀቱ ምንጭ ነው። ግማሹ ከግብርና፣ በተለይም ከከብት እርባታ የሚወጣ ሲሆን፣ 37 በመቶው ከደን ጭፍጨፋና መራቆት ጋር የተያያዘ ነው። ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና የኤሌክትሪክ ኃይል እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ድርሻ ነበራቸው።

ይህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከሚወራው ጋር አይገጥምም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በዓለም ዘንድ መነጋገሪያ ሆኗል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ንጹሕ የኃይል ምንጭ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ እርምጃዎች ናቸው፤ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ይቀንሳሉ፤ ነገ የሚመጣውን ልቀት አስቀድመው ይዘጋሉ። ሆኖም የዛሬው ልቀት ትልቁ ክፍል ያለው በከተማ ጎዳና ላይ ሳይሆን በገጠር ምድጃ፣ በግጦሽና በደን ጫፍ ላይ ነው።

የምድጃውን ነገር ማየት ይበቃል። ከአገሪቱ የኃይል ፍጆታ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው። እንጀራ መጋገር ብቻውን በቤት ውስጥ ከሚውለው ኃይል ግማሽ ያህሉን እንደሚወስድ ይገመታል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ፍግ ያጣ ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ካልታገዘ አያፈራም፤ ማዳበሪያውም ዋጋው ይከብዳል፣ ናይትረስ ኦክሳይድም ይለቃል። በዚህ አዙሪት ውስጥ እናቶችና ሕፃናት ጭሱን በቀጥታ ይተነፍሱታል። ከሕዳሴ ግድብ የሚወጣው ኃይል የገበሬውን ምጣድ እስኪደርስ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በእያንዳንዱ ቤት መግባቱ ደንን፣ አፈርንና ጤናን በአንድ ጊዜ ያድናል።

የችግኝ ተከላውም በተመሳሳይ መለኪያ መታየት አለበት። በ2011 ዓ.ም በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከ40 ቢሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታውቋል። ካርቦን የሚይዘው ግን የጸደቀው ነው። በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ከሰብል ጋር እያፈራረቁ በመትከል ከከሰል ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል፤ የአካባቢው የዛፍ ሽፋንም ጨምሯል። ይህ የሆነው ገበሬው ዛፉን የራሱ ሀብት አድርጎ ስለጠበቀው ነው። በኋላ ዛፉን ያጠቃው በሽታ ደግሞ በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያስከትለውን አደጋ አስተምሯል። በደቡብ ጎንደርና በሌሎችም አካባቢዎች ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች በበኩላቸው አገር በቀል ዛፍ ባለቤትና ጠባቂ ካገኘ ለዘመናት እንደሚቆይ ያሳያሉ።

ከብትን በተመለከተ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚ የቀንድ ከብት ባለቤት ናት። የአንድ ሊትር ወተት የሚቴን ድርሻ ከፍ የሚለው ከብቱ ብዙ ሆኖ ምርቱ ሲያንስ ነው። መኖን ማሻሻል፣ ዝርያን ማሻሻልና የእንስሳት ጤናን መጠበቅ ልቀትን ይቀንሳል፤ የገበሬውንም ገቢ ያሳድጋል። ሚቴን በ12 ዓመት ገደማ ከአየር ላይ ስለሚጠፋም ውጤቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይታያል።

ቃልና ገንዘብ

የቤት ሥራው ዋጋ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2021 ባስገባችው ብሔራዊ ዕቅድ፣ እ.አ.አ በ2030 ይደርሳል ተብሎ ከተገመተው ልቀት 68 ነጥብ 8 በመቶውን ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም የምትፈጽመው 14 በመቶውን ሲሆን ቀሪው 54 ነጥብ 8 በመቶ ዓለም አቀፍ ድጋፍ ከተገኘ የሚከናወን ነው። የዕቅዱ አብዛኛው ክፍል በሌሎች ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው።

የሌሎች ኪስ ታሪክ ደግሞ አያበረታታም። እ.አ.አ በ2009 በኮፐንሃገን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአፍሪካ መሪዎችን ድምፅ ይዘው በተከራከሩበት ጉባኤ፣ የበለጸጉት አገራት እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። ቃሉ የተፈጸመው ዘግይቶ በ2022 ነው። እ.አ.አ በ2024 በባኩ አዲሱ ግብ በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እንዲሆን፣ ይህም እስከ 2035 እንዲደረስበት ተወሰነ። ከሚሰጠው ገንዘብ አብዛኛው ብድር ነው። ጭስ ያልለቀቀ አገር ለደረሰበት ጉዳት ተበድሮ ወለድ ይከፍላል ማለት ነው።

ክፍተቱ ይበልጥ የሚታየው ለውጡን ለመቋቋም በሚውለው ገንዘብ ላይ ነው። ታዳጊ አገራት እ.አ.አ በ2035 ለዚሁ ሥራ በየዓመቱ ከ310 እስከ 365 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልጋቸው ይገመታል። በ2023 ከዓለም አቀፍ የመንግሥታት ምንጮች የደረሳቸው 26 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የቤሌሙ ጉባኤ ይህ ገንዘብ እስከ 2035 በሦስት እጥፍ እንዲያድግ ጥሪ አቅርቧል። ሆኖም ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ለመላቀቅ የሚያስችል ፍኖተ ካርታ በውሳኔው ላይ ሳይሰፍር ቀርቷል።

በሌላ በኩል የሕጉ በር በጥቂቱ ተከፍቷል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.አ.አ ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታውን አለመወጣትም በዓለም አቀፍ ሕግ ተጠያቂ ሊያደርግ እንደሚችል አስታውቋል። አስተያየቱ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም። ሆኖም ድጋፉ ከልግስና ይልቅ ከኃላፊነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ለሚከራከሩ አገራት ጠንካራ መሠረት ሰጥቷል።

አዲስ አበባ ምን ይዛ ትቀርባለች?

ጉባኤውን ማስተናገድ በራሱ ገንዘብ አያመጣም፤ ልቀትንም አይቀንስም። አስተናጋጅ አገር የምታገኘው አጀንዳ የመቅረጽ ዕድልና የዓለምን ዓይን ነው። ዓይኑ ግን አዳራሹን ብቻ አያይም። ከአዳራሹ ውጪ ያለውን ምድጃ፣ የጸደቀውንና የደረቀውን ችግኝ፣ የመብራት መስመር የደረሰውንና ያልደረሰውን መንደርም ያያል።

ስለዚህ እስከ ጉባኤው ያለው ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው መረጃ ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በቆላውም በደጋውም ተስፋፍተው የየአካባቢው ለውጥ ካልተለካ፣ የደረሰው ጉዳት በድርድር ጠረጴዛ ላይ ዋጋ አይኖረውም። ያው መረጃ በጊዜው ለገበሬው ቢደርስ ደግሞ አንድ ዘር ከመባከን ያድናል። ሁለተኛው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ጉልበትና ገንዘብ በብዛት መሄድ ያለበት ልቀቱና ጉዳቱ በአንድ ላይ ወደሚገኙበት፣ ወደ ምድጃው፣ ወደ አፈሩ፣ ወደ ከብቱና ወደ ደኑ ነው። ሦስተኛው ሰላም ነው። የተራቆተ ተራራ በእርከን የሚሠራው፣ ችግኝ የሚጠበቀው፣ የአጎበር ሥርጭት ቀበሌ የሚደርሰው ሰው ወጥቶ መግባት ሲችል ነው።

ዓለም ለሙቀት ወሰን የቀራት ቦታ ጠባብ ነው። ሳይንቲስቶች ሙቀቱን በ1 ነጥብ 5 ዲግሪ የመገታት ግማሽ ዕድል እንዲኖር፣ ከ2025 መጀመሪያ በኋላ ሊለቀቅ የሚችለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 130 ቢሊዮን ቶን ገደማ ብቻ እንደሆነ አስልተዋል። ይህ በአሁኑ የልቀት መጠን ከሦስት ዓመት ጥቂት በላይ የሚቆይ ነው። የአዲስ አበባው ጉባኤ ሲከፈት ይህ ሒሳብ ሊዘጋ የተቃረበ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዷ የአንድ ዲግሪ አሥረኛ ዋጋ የሚለካው ደጋው ወደ ላይ በሚሸሽበት ርቀት ነው፤ አንዷ አሥረኛ 15 ሜትር ያህል ታስወጣዋለች።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለዓለም የሚነገረው ብዙ የለቀቁት ቀድመው እንዲቀንሱ፣ የሚገባውንም እንዲከፍሉ ነው። ለራስ የሚነገረው ደግሞ የሌላው ክፍያ እስኪመጣ ድረስ የደጋው አፈር እንደማይጠብቅ ነው። ኢትዮጵያ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ መናገር ከቻለች በ2020 ዓ.ም ከእንግዶቿ ፊት የምትቆመው የደረሰባትን ጉዳትና የሠራችውን ሥራ አብራ ይዛ ነው።